ሲስተር መልሺልኝ፦ ሰውነታችን በሽታን እንዴት ነው የሚዋጋው?

በዚ ወር ከድሬም ከሐረርም የመጡት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም ባንዴ መመለስ አልቻልንም፣ ግን ሳነባቸው አብዛኞቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት፦ ሰውነታችን በሽታን የሚከላከለው እንዴት ነው፣ እኛስ መቼ ነው የምናግዘው መቼ ነው የምናደናቅፈው። ስለዚ ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አቆይተን እነዚን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

«ሲስተር እንዴት ነሽ? እኔ በ2011 ክረምት ድሬን ሁሉ ያስተኛው ቺኩንጉንያ ይዞኝ ነበር፣ መገጣጠሚያዬን ለወራት አሞኛል። አምና ደሞ ዴንጊ ነው ተባልኩ። አሁን ሰፈራችን ትኩሳት ጀምሯል፣ ጓደኞቼ አንተ ሁለቱንም ስለጨረስክ ከንግዲህ አይነካህም ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ወንድሜ ጓደኞችህ ግማሹን ልክ ብለዋል፣ ሌላው ግማሽ ግን አደገኛ ነው።

ቺኩንጉንያውን ተወው። አንድ ቫይረስ መጀመሪያ ሲገባ ሰውነት አያውቀውም፣ እሱን ለይቶ የሚይዘውን አንቲቦዲ በደንብ አምርቶ እስኪጨርስ ሳምንት ወይ ከዛ በላይ ይፈጅበታል፣ አንተም አልጋ ላይ የወደቅከው በዛ ጊዜ ነው። በሽታው ሲያልፍ ታዲያ የተዋጉት ነጭ የደም ሴሎች አብዛኞቹ ቢሞቱም ቫይረሱን የሚያስታውሱ ጥቂቶች መቅኔ ውስጥና እጢዎች ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣሉ፣ ያው ቫይረስ ተመልሶ ከመጣ ቶሎ ይነሱበታል፣ አንተ እንኳን ሳታውቀው ያልፋል። ቺኩንጉንያ አንዴ የያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ፣ ምናልባትም ለዕድሜ ልኩ ይጠበቃል።

ዴንጊ ግን እንደዛ አይደለም። ዴንጊ የሚባለው ቫይረስ አራት ዓይነት ነው፣ አንዱ ሲይዝህ ለሱ ዓይነት ለረጅም ዘመን ትጠበቃለህ፣ ለሌሎቹ ሶስቱ ግን ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ከዛ በኋላ ሁለተኛው ዓይነት ሲመጣ በፊት የሰራኸው አንቲቦዲ ቫይረሱን ይይዘዋል ግን አይገድለውም፣ እንደውም ተሸክሞ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ያስገባዋል፣ እዛ ገብቶ ይራባል። በዚ ምክንያት ሁለተኛው ዴንጊ ከመጀመሪያው የባሰ ሊሆን ይችላል፣ ደም ሥሮች ፈሳሽ ማፍሰስ ይጀምራሉ፣ የደም መርጊያዎቹ ፕላትሌቶች ይወርዳሉ። ስለዚ አንዴ ይዞህ ስለነበር የበለጠ ነው መጠንቀቅ ያለብህ። በአገራችን ዴንጊ በላብራቶሪ መጀመሪያ የተረጋገጠው እዚሁ ድሬ ነው፣ በ2006 መጀመሪያ አካባቢ፣ ከዛ ወዲህም ደጋግሞ መጥቷል፣ ማለት እንዳንተ አንዴ የያዘው ሰው ከተማችን ውስጥ ብዙ ነው፣ ይሄ ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ።

ትኩሳት ከጀመረህ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ አትውሰድ፣ መርፌውንም ቢሆን አትወጋ፣ ደም እንዲፈስ ያግዛሉ። ፓራሲታሞል በልኩ ውሰድ፣ ፈሳሽ በደንብ ጠጣ፣ ሄደህም ተመርመር። እና አንድ ነገር ያዝልኝ፣ የዴንጊ ክፉ ሰዓት ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ። ሰው ተሻለኝ ብሎ የሚነሳው ያኔ ነው፣ ያኔ ሆድህን አጥብቆ ካመመህ፣ ማስታወክ አልቆም ካለ፣ ድድህ ወይ አፍንጫህ ከደማ፣ እጅና እግርህ ከቀዘቀዘ ነገ እሄዳለሁ አትበል፣ ሌሊትም ቢሆን ሂድ።

ዴንጊንም ቺኩንጉንያንም የምታስተላልፈው ቢምቢ የምትናከሰው ቀን ላይ ነው፣ የምትራባው ደሞ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ሳይሆን እኛው ቤት ነው፣ ሮቶ ውስጥ፣ በርሜል ውስጥ፣ ግቢ የተጣለ ጎማ ውስጥ። ድሬ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁሉም ሰው ውሃ ያጠራቅማል፣ ማጠራቀሙ አይደለም ችግሩ፣ ክፍት መሆኑ ነው። እንቁላሏ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ውሃው ደርቆ እንኳን ለወራት ስለሚቆይ ደፍቶ መሙላት ብቻውን አይበቃም፣ በየሳምንቱ ፈግፍጎ ማጠብና ክዳኑን ግጥም አድርጎ መክደን ነው። የታመመ ሰው ካለ ደሞ ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ፣ ቢምቢዋ እሱን ነክሳ ነው ለቤተሰቡ የምታደርሰው።

«ልጄ 3 ዓመቷ ነው፣ ትኩሳት ባላት ቁጥር ቶሎ ብዬ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ እሰጣታለሁ። ጎረቤቶቼ ደሞ በብርድልብስ ሸፍኛትና ላብ ይውጣላት ይሉኛል። ትኩሳቱ ራሱ ነው በሽታው ወይስ ሌላ ነገር አለ?» (እናት፣ ከገንደ ቆሬ)

እህቴ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፣ ብዙ እናት እዚ ጋ ነው የምትሳሳተው። ትኩሳቱን የሚያነሳው የልጅሽ ጭንቅላት ነው። ነጭ የደም ሴሎች ወራሪውን ሲያገኙ በደም በኩል መልዕክት ይልካሉ፣ አንጎል ውስጥ ሙቀትን የሚቆጣጠረው ክፍል ልኩን ከፍ ያደርገዋል፣ ልጅቷ የምትንቀጠቀጠው አዲሱ ልክ ላይ እስክትደርስ ነው። ብዙ ቫይረስና ባክቴሪያ በ39 ዲግሪ እንደ 37 አይመቸውም፣ ነጭ የደም ሴሎች ግን ይፈጥናሉ። ስለዚ ትኩሳት ሲባል መጥፎ ብቻ አይደለም፣ ወጪ ግን አለው፣ በያንዳንዱ ዲግሪ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል 10 ፐርሰንት ያህል ይጨምራል፣ ውሃም ያልቃል፣ ልጅ ቶሎ የሚደክመው ለዛ ነው። ጡት የምትጠባ ከሆነ አጥቢያት፣ ውሃ፣ ሾርባ፣ አጥሚት ቶሎ ቶሎ ስጪያት።

ብርድልብሱን ተዪው። በድሬ ሙቀት ላይ ልጅ ስትሸፍኚ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ቀለል ያለ ልብስ አልብሺያትና ነፋስ ያለበት ቦታ አስተኚያት። ከከበዳትና ከተነጫነጨች ፓራሲታሞል በኪሎዋ ልክ ስጪ፣ ልኩን ፋርማሲስቱን ጠይቂ።

አሞክሳሲሊኑ ላይ ነው የምለምንሽ። አንቲባዮቲክ ቫይረስን ምንም አያደርገውም፣ የትንንሽ ልጆች ትኩሳት ደሞ አብዛኛው ከቫይረስ ነው። አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ የተረፉት ክፉዎቹ መድኃኒቱን ይለምዱታል፣ አንድ ቀን የምር የሳንባ ምች ሲይዛት አይሰራላትም። ከዛ የሚብሰው ደሞ ሽሮፑ ተሰጥቷል ተብሎ የወባ ምርመራ መቅረቱ ነው። እዚ ከተማ ውስጥ ትኩሳት ያለው ልጅ በዛው ቀን ወይ ቢዘገይ በማግስቱ ደም መመርመር አለበት። ድሮ ወባ የገጠርና የዝናብ ነገር ነበር፣ አሁን ግን አኖፌሊስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች ቢምቢ አለች፣ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ በ2016 ቀብሪደሃር ነው፣ እሷም እንደ ዴንጊዋ ሮቶና በርሜል ውስጥ ስለምትራባ ከተማ ውስጥ ያውም በበጋ ወባ ታመጣለች። እ.ኤ.አ በ2022 ድሬ ላይ የተነሳው ወባ ከሷ ጋር ነው የተያያዘው።

ልጅቷ እንደሚጥል በሽታ ራሷን ስታ ካንፈራገጣት፣ አልጠጣም ካለች፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ አንገቷ ከደረቀ ወይ አልነቃ ካለች ግን ቤት ውስጥ የሚሰራ ነገር የለም፣ ሩጪ። ከ3 ወር በታች የሆነ ህፃን ደሞ ትኩሳት ብቻውን ይበቃል ለመሮጥ።

«ልጄ፣ እኔ ጁገል ውስጥ ነው የምኖረው፣ ዕድሜዬ 60 አልፏል። ጠዋት ጠዋት ጥቁር አዝሙድ በማር እወስዳለሁ። ልጄ ደሞ ከውጭ ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነው ብሎ ትልልቅ የቫይታሚን ሲ ኪኒን ላከልኝ። ሁለቱንም ብወስድ ችግር አለው?» (ከሐረር)

እናቴ ልጅዎ አስቦልዎት ነው የላከው፣ ግን ኢሚዩኒቲ የሚባለው ነገር እንደ ውሃ በጨመሩት ቁጥር የሚሞላ ነገር አይደለም። ሲበዛም በሽታ ነው። አስም፣ አለርጂ፣ የልጆች የስኳር በሽታ ሁሉም የመከላከያ ኃይላችን ያለቦታው ወይ ካለልክ ሲነሳ የሚመጡ ናቸው። የሚፈለገው ጠላትን ለይቶ እንዲያውቅ፣ በሰዓቱ እንዲነሳና በሰዓቱ እንዲቆም ነው።

ቫይታሚን ሲ ሲጎድል እውነት ነው ሰው ይታመማል፣ ድድ ይደማል፣ ቁስል አይድንም። በቂ ካለ በኋላ ግን ትርፉ በሽንት ነው የሚወጣው፣ በየቀኑ የሚወስድ ሰውም ጉንፋን ከመያዝ አይድንም፣ ሲይዘው ትንሽ ቀደም ብሎ ሊለቀው ይችላል እንጂ። በቀን ከ2 ግራም በላይ ሲሆን ሆድ ያበላሻል፣ ለኩላሊት ጠጠርም ያጋልጣል። ደሞ እርስዎ ሐረር ተቀምጠው ቫይታሚን ሲ ከውጭ? ገበያው ላይ ዘይቱኑ፣ ብርቱካኑ፣ ፓፓያው፣ ማንጎው ሞልቶ? አንድ ዘይቱን ብቻ የቀኑን ይሸፍናል።

ጥቁር አዝሙዱን ይቀጥሉ፣ ምግብ ነው፣ የሐኪም መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን መድኃኒቱን በሱ እንዳይተኩት። ማሩን ግን ስኳርዎን ሳይለኩ አይውሰዱ። ስኳር ሳይታወቅ ደም ውስጥ ሲከርም ነጭ የደም ሴሎች ይደክማሉ፣ የእግር ቁስል አልድን ይላል፣ ቲቢም ቶሎ ይይዛል። ለልጅ ልጆችዎም ከ1 ዓመት በታች ከሆኑ ማር እንዳይቀምሱ፣ ለጨቅላ አንጀት አደገኛ የሆነ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል።

በዕድሜ ደሞ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳልና አንቲቦዲ ራሱ ፕሮቲን መሆኑን ያስታውሱ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ ከገበታዎ አይጥፋ። ወተቱ የላምም ይሁን የግመል ይፈላ፣ ጥሬው ብሩሴሎሲስ የሚባል ለወራት የሚያተኩስ በሽታ ያመጣል፣ የኛ አካባቢ ሰው ጥሬ የግመል ወተት መድኃኒት ነው ስለሚል ነው ይሄን የማነሳው።

«አቦ ሲስተር፣ እኔ መጋላ ባጃጅ ነው የምሰራው፣ ከሰዓት ቅሜ ማታ እወጣለሁ፣ የምተኛው ሊነጋ ሲል ነው ከ4 ከ5 ሰዓት አይበልጥም። ጉንፋን አለቅህ አለኝ፣ ሳል ደሞ ሳምንታት ሆኖታል። ቫይታሚን ልግዛ?»

አትግዛ፣ ገንዘብህን ለምግብ አድርገው። እ.ኤ.አ በ2015 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ ፈቃደኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጨመሩባቸው፣ ቀድመው እንቅልፋቸውን ለክተውት ነበር፣ ከ6 ሰዓት በታች የሚተኙት ከ7 ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ 4 እጥፍ ያህል ለጉንፋኑ ተጋልጠው ተገኙ። ስንተኛ ነው ሰውነት ነጭ ሴሎቹን የሚያደራጀው፣ ያየውን ጠላት የሚያስታውሰውም ያኔ ነው። ጫቱ ደሞ እንቅልፍህን ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ እራትህንም ይወስደዋል፣ ምርቃና ላይ ማን ይበላል? መቃምህን ባትተው እንኳን ቀደም ብለህ ጨርስ፣ ሳትበላ አትቃም፣ ቀን ላይ መስኮቱን ጋርደህ እንቅልፍህን ሙላ።

ሳልህ ግን ሌላ ነው የሚያሳስበኝ። ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታህን ተመርመር፣ ህክምናው በመንግስት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ብዙ ሰው ውስጥ አለ፣ ነጭ ሴሎች ከበውት አጥረውት ይኖራል፣ ከ100 ሰው 5 ወይ 10 ያህሉ ናቸው በዕድሜያቸው የሚታመሙት፣ አጥሩ የሚፈርሰው ደሞ ሰውነት ሲጎዳ፣ በረሃብ፣ በስኳር፣ በኤችአይቪ ነው። መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ ለአራት ለአምስት ሰዓት ተፋፍጎ መቃም ደሞ አንዱ ሲያስለው ሁሉም እንዲስበው ማድረግ ነው። በሩን ክፈቱት።

«ወንድ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ በየወሩ ማለት ይቻላል ቶንሲል ይይዘዋል። አክስቱ እንጥሉን አስቆርጠሽ ገላግይው ትለኛለች። ምን ላድርግ?» (እናት፣ ከሐረር)

አታስቆርጪ። ወላሂ ይሄን ጥያቄ ሳነብ ደነገጥኩ። በምላጭ እንጥል ሲቆረጥ ልጅ ደም ፈሶት ሊሞት ይችላል፣ መንጋጋ ቆልፍ አለ፣ ሄፓታይተስ አለ፣ ኤችአይቪ አለ፣ የቶንሲሉን መመላለስ ደሞ ፈጽሞ አያስቀረውም። ቶንሲል ራሱ የመከላከያው አካል ነው፣ በአፍ የሚገባውን እንደ ጁገል በር ጠባቂ ቆሞ የሚፈትሽ፣ ሲያብጥ ስራ ላይ ነው ማለት ነው።

አብዛኛው የጉሮሮ ህመም ከቫይረስ ነው፣ ንፍጥና ሳል አብሮት ካለ፣ ድምፁ ከጎረነነ በራሱ ይድናል። ድንገት ከፍ ያለ ትኩሳት፣ መዋጥ አለመቻል፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነጭ ነገር፣ አንገቱ ስር የሚያም እብጠት ካለና ሳል ከሌለው ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ይሄኛው ነው ልብ የሚበላው። ባክቴሪያው ላይ ያለው ፕሮቲን ከልባችን ቫልቭ (ደም የሚያሳልፈው በር) ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል፣ ሰውነት ጉሮሮ ላይ ላለው ጠላት ያሰናዳው አንቲቦዲ ከሁለት ከሶስት ሳምንት በኋላ ተሳስቶ መገጣጠሚያና ልብ ላይ ይዘምታል። ልጁ ጉሮሮው ድኖ ተረስቶ ጉልበቱን ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል፣ ቁርጥማት ነው ይባልና ይታለፋል፣ በተመላለሰ ቁጥር ቫልቩ እየተጎዳ ይሄዳል። ብዙ ወጣት ሴቶች ልባቸው መጎዳቱን የሚያውቁት አርግዘው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው በብዛት የሚጠቁት፣ ያንቺ ልጅ መሀል ላይ ነው ያለው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ ፔኒሲሊን፣ ወይ ሙሉ 10 ቀን የሚዋጥ ወይ አንድ ቤንዛታይን መርፌ። ህመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልቡን ያድናል። ቅድም ለገንደ ቆሬዋ እናት አንቲባዮቲክ ዝም ብለሽ አትስጪ ያልኩት እዚም ይሰራል፣ ቫይረሱን ከባክቴሪያው የሚለይ ሰው ጉሮሮውን ይየው፣ ከታዘዘለት ግን በ3ኛው ቀን ዳነ ብለሽ አታቋርጪ። ልቡንም ያዳምጡልሽ። ሩማቲክ (ይሄ ከጉሮሮ ተነስቶ ልብን የሚጎዳው በሽታ) ነው ከተባለ በየ3 ወይ 4 ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ፣ ለዓመታት ነው፣ ቀኑ አይለፈው።

«ህፃን ልጄን በአንድ ቀን ብዙ ክትባት ይሰጧታል፣ አይከብዳትም? ኩፍኝ ደሞ እኛም ልጅ ሆነን ይዞን አልፏል።» (ከአዲስ ከተማ፣ ድሬዳዋ)

አይከብዳትም። መሬት ላይ ስትድህ፣ ጣቷን ስትጠባ በአንድ ቀን የምታገኘው ጀርም ክትባቱ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ሰውነቷ ብዙ ጠላት ባንዴ መማር ይችላል።

ኩፍኝ ያለፋችሁ እናንተ ናችሁ፣ ያላለፋቸው አይጽፉልንም። ኩፍኝ የሚገድለው በሽፍታው አይደለም፣ ቫይረሱ ገብቶ የሚያጠፋው ቅድም ያልኳቸውን የድሮ በሽታን የሚያስታውሱ ነጭ ሴሎች ስለሆነ ነው፣ ልጁ ከዚ በፊት የተማረውን መከላከያ ብዙውን ይረሳና ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት በሳንባ ምችና በተቅማጥ ይጠቃል። ክትባቱ ግን ኩፍኝን ብቻ ያስተምራል እንጂ ምንም አያስረሳም። በ9 ወር የሚጀመረው ከማህፀን ይዛ የመጣችው የናትየው አንቲቦዲ በዛ ጊዜ ስለሚያልቅ ነው፣ በ15 ወር ሁለተኛው አለ፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የሰውነት ትዝታ ምን ያህል እንደሚቆይ ላሳይሽ። ፋሮ ደሴቶች በሚባል ሩቅ ቦታ እ.ኤ.አ በ1781 ኩፍኝ ገብቶ ጠፋ፣ ከዛ 65 ዓመት ሙሉ አልታየም፣ በ1846 ተመልሶ ሲመጣ አብዛኛው ህዝብ ታመመ፣ በልጅነታቸው በ1781 የታመሙት ሽማግሌዎች ግን አልያዛቸውም። ፈንጣጣንም ያጠፋነው ይሄንኑ ትዝታ በክትባት ለሁሉም ሰው አድርሰን ነው፣ አገራችን የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው በ1976 ነው፣ ዓለም ላይ በተፈጥሮ የያዘው የመጨረሻ ሰው ደሞ ከጎረቤታችን ሶማሊያ ከመርካ ከተማ በ1977፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ። ያንን ያዩ ሽማግሌዎች ከተማችን ውስጥ አሁንም አሉ፣ ፊታቸው ላይ ጠባሳው ያለ።

«እግሬን ሚስማር ወጋኝ፣ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። ላሳሸው?» (ከግሪክ ካምፕ)

አይታሽም። እግርህ ላይ የገባው ባክቴሪያ ወደ ላይ እንዳይሄድ እጢው ውስጥ ተይዞ ነው፣ ነጭ ሴሎች እዛ ተሰብስበው ስለሚራቡ ነው ያበጠው። ቁስሉን በሳሙናና በውሃ እጠበው፣ ሚስማር ስለሆነ ዛሬውኑ ሄደህ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ተከተብ። ቁስሉ ሲድን እብጠቱም ይወርዳል፣ ከቀላ፣ መግል ከቋጠረ ወይ ትኩሳት ካመጣ ይታይልህ፣ ከሳምንታት በኋላም ካልወረደ ወይ ደሞ ድንጋይ ሆኖ ሳያም ካደገ እንደዛው።